በሁለት ፉርጎዎች መካከል

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

ሙጫው እስኪደርቅ ሃያ ደቂቃ ይፈልጋል። ሃያ ደቂቃ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ለኔ ቅጣት ነው። ስለዚህ የባለቤቴን የልኬት ደብተር ከኋላ በኩል ገልብጬ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ከፊት ያለው የሷ ነው፤ የደንበኞቿ ደረት፣ ወገብ፣ የእጅጌ ርዝመት፣ ከጎኑም ልብሱ የሚደርስበት ቀን ተጽፏል። እሷ ቀን ካልጻፈች ጨርቅ አትቆርጥም። ቀን ከጻፈች ግን ዓለም ቢገለበጥ ልብሱ በዚያ ቀን ይደርሳል፤ ራሷ አልብሳ፣ "እስቲ ዙሪ" ብላ አይታ ነው የምታስረክበው። የኋላዎቹ ገጾች ባዶ ስለሆኑ አትቆጣም ብዬ ነው።

እሷ ልጃችን ዘንድ ናት። ልጃችን ሴት ልጅ ወለደችና እናትየዋ ልታርሳት ሄደች። በባቡር የስምንት ሰዓት መንገድ ነው። "ለአንድ ወር" ብላ ነበር። ዛሬ አርባ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ቆጥሬ አይደለም፤ ሙጫውን የገዛሁት የሄደች ዕለት ስለሆነ ነው። ቆርቆሮው ላይ የከፈትኩበትን ቀን ጽፌአለሁ።

የምሠራው ይህ ነው፤ አሥራ ሁለት የዕቃ ፉርጎዎችና አንድ ጎታች ባቡር፣ ሁሉም ከእውነተኛው ሰማንያ ሰባት ጊዜ ያነሱ። የባቡር ጡረተኞች ማኅበራችን ነሐሴ 11 በአሮጌው ጣቢያ አዳራሽ ትርኢት ያዘጋጃል። እኔም "ልክ እንደ እውነተኛው የሚሄድ የዕቃ ባቡር አመጣለሁ" ብዬ በስብሰባ ላይ አፌን ሞልቼ ተናግሬአለሁ። ችግሩ፣ ፉርጎዎቹ ከፋብሪካ እንደወጡ ሲያያዙ በመሃላቸው ሃያ ስድስት ሚሊሜትር ክፍተት ይቀራል። ወደ እውነተኛው ሲመነዘር ከሁለት ሜትር በላይ ነው። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ፉርጎ አያያዥ ነበርኩ፤ ጸጉሬ የሸበተው በሁለት ፉርጎዎች መካከል ቆሜ ነው። ከአንዱ ፉርጎ ግድግዳ እስከ ሌላው አንድ ሜትር ከሃያ አራት ነው። ለሰማንያ ሰባት ሲካፈል አሥራ አራት ሚሊ ይሆናል። ሃያ ስድስት ሚሊ ላይ ሲቆሙ ፉርጎዎቹ የተኳረፉ ይመስላሉ።

ደርቋል። ልሂድ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

ፉጨት መጥቶ እኔ ዘንድ ዋለ። ፉጨት ያልነው በፊት ጥርሶቹ መካከል በር የሚያህል ክፍተት ስላለ ሲናገር ስለሚያፏጭ ነው። ሃያ ዓመት እሱ ባቡር እየነዳ፣ እኔ ከኋላው ፉርጎ እያያያዝኩለት ኖረናል። አሁን ሁለታችንም የምንነዳውም የምናያይዘውም ስለሌለን እሱ እኔ ቤት ይመጣል።

ቀጥ ባለው ሐዲድ ላይ አሥራ አራቱን ሚሊ አሳየሁት። በአንድ ዓይኑ አጮልቆ "ወይ ጉድ! አሁን ከመሃላቸው ጎንበስ ብለህ የምትወጣ መሰለኝ" አለ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ባቡሩ ኩርባው ላይ ደረሰ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ፉርጎ በውስጥ በኩል ትከሻ ለትከሻ ተጋፉና ክንብል አሉ፤ የኋላዎቹም ተከተሏቸው።

"ሲቀራረቡ ይጣላሉ" አለ ፉጨት።

"ኩርባው ጠቧቸው ነው።"

እውነቴን ነው። ቀጥ ያለ ሐዲድ ላይ ማንም ተጠግቶ መሄድ ይችላል። ኩርባው ሲሰፋ ፉርጎዎቹ ሳይጋፉ ያልፋሉ። ኩርባው እንዲሰፋ ጠረጴዛው መስፋት አለበት። ጠረጴዛው እንዲሰፋ ደግሞ ክፍሉ ያስፈልጋል። ክፍሉ ሁለት ሜትር ከስልሳ በሦስት ሜትር ከሃያ ነው፤ የልጃችን መኝታ የነበረ፣ እሷ ስታገባ የእናቷ የስፌት ክፍል የሆነ። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ የስፌት መኪናዋን ወደ ኮሪደሩ አወጣሁት፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ ብዬ። ኮሪደሩ እኮ መብራት አለው። አምፖሉን ራሴ ነኝ የቀየርኩላት፤ ትልቁን ነው የገጠምኩት።

ምንም አላለችም። ከፍቷት ቢሆን ትናገር ነበር።

እሑድ፣ ሰኔ 8

ደወልኩ። እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ነው የምንነጋገረው።

"እንዴት ነሽ?"

"ደህና። አንተስ? ምሳ በላህ?"

"በላሁ። ሕፃኗስ?"

"ታዛጋለች፣ ትተኛለች፣ ስትነቃ ትነጫነጫለች። ቁርጥ አንተን።"

ሳቅሁ። ከሳቅሁ ሰነባብቼ ስለነበር ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። ከዚያ የምለው ሲጠፋኝ ስለ ማያያዣው ነገርኳት። የፋብሪካው ማያያዣ አላጥር ሲለኝ የልብስ ቁልፍ ቆርቆሮዋን ከፍቼ ቀሚስ ከኋላ የሚዘጋባቸውን ትንንሽ መንጠቆዎችና ቀለበቶች አገኘሁ። ለፉርጎ የተሠሩ ነው የሚመስሉት።

"የትኞቹን ወሰድክ? ጥቁሮቹን?"

"ጥቁሮቹን።"

"ስንት?"

"አሥራ ሁለት። ከነቀለበታቸው።"

ከኋላዋ ሕፃኗ ስታለቅስ ይሰማል። "እሺ" አለች በመጨረሻ።

መቼ ትመጫለሽ ልላት ነበር። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ "ባትሪዬ ሊያልቅ ነው" አልኳት። ባትሪው ሙሉ ነበር።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

በጥድፊያ ነው። ጣውላው እየመጣ ነው። ኩርባው ከመሃሉ ዘጠና ሳንቲም፣ ጠረጴዛው ሁለት ሜትር። መስኮቱን ለመክፈት በጠረጴዛው ሥር በጉልበቴ መሄድ ሊኖርብኝ ነው። ይሁን።

ደረጃ ላይ የላይ ቤቷ ጎረቤታችን ለአንዷ ስታወራ ሰማሁ። "ትልቁን መቀሷን ይዛ እኮ ነው የሄደችው። አራስ ለመጠየቅ መቀስ ምን ያደርጋል?" ሲያዩኝ ሁለቱም "ደህና ዋሉ" አሉኝ፣ በአንድ አፍ።

ገብቼ መሳቢያውን ከፈትኩ። መቀሱ የለም።

የሕፃን ልብስ ልትቆርጥበት ይሆናል።

ያን በሚያክል መቀስ፣ የሕፃን ልብስ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 19

ትልቁ ጣውላ ተጣብቋል። እስኪደርቅ ግማሽ ቀን ስለሚፈጅ ዛሬ ብዙ እጽፋለሁ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ እየወረደ ነው።

ደብተሩ ከእጄ አምልጦ ሲወድቅ በሷ በኩል ተከፈተ። የሰው ገላ ልኬት ማየት ነውር ነው ብዬ ልዘጋው ስል የራሴን አገኘሁ። "የቤቴ ሰው። ሸሚዝ። አንገት 41፣ ትከሻ 46፣ እጅጌ 62።" መጋቢት 27 ይላል። የሚደርስበት ቀን ቦታው ባዶ ነው። ሌሎቹ ገጾች ሁሉ ቀን አላቸው፤ የኔ ብቻ ነው የሌለው።

ትዝ አለኝ። ሐዲድ ላይ አጎንብሼ ሳለሁ ከኋላዬ መጥታ ሜትሯን አንገቴ ላይ ጠመጠመችው። "ልታንቂኝ ነው?" አልኳት። "ሐሳቡ ቢኖረኝ ድሮ ነበር" አለች። "ቀጥ በል፣ ትከሻህን ልይ" ስትለኝ "ቆይ፣ ይቺን ሚስማር ልምታ" አልኳት። ሚስማሯን እስክመታ ቆመች። ከዚያም ሌላ ሚስማር ነበር። ጣቶቿ ቀዝቃዛ ነበሩ፤ እስካሁን አንገቴ ላይ ይሰማኛል ብል ማጋነን ይሆናል። ግን ይሰማኛል።

መኪናዋን ያወጣሁት ከዚያ በሳምንቱ ነው። ቀን ያልጻፈችው የሚሆን ጨርቅ አጥታ ይሆናል።

ስለ ሥራዬ ልጻፍ። ሰዎች ፉርጎ በራሱ የሚያያዝ ይመስላቸዋል። በፉርጎው ግንባር ላይ ግራና ቀኝ ክብ የብረት መግፊያዎች አሉ። አያያዡ ቦታው ላይ ቆሞ እጁን ያወዛውዛል፤ ሾፌሩ በዝግታ ወደኋላ ይገፋል። መግፊያዎቹ ተነካክተው ትንሽ ጨመቅ ሲሉ ሰንሰለቱ ይደርሳል። ያኔ ጎንበስ ብሎ መግባት፣ ሰንሰለቱን አንስቶ መንጠቆው ላይ መጣል፣ ማጥበቅ፣ መውጣት፣ እጅ ማንሳት ነው። ፉርጎዎቹ ካልተጠጉ ግን የዓለም ጉልበት ቢኖርህ ሰንሰለቱ አይደርስም። ያችን አንድ ሜትር ከሃያ አራት በትከሻዬ አውቃታለሁ፤ ክረምት ላይ ከግራና ከቀኝ የብረቱ ቅዝቃዜ ይመጣል፣ ከላይ ጠባብ ሰማይ ይታያል።

ሠላሳ አንድ ዓመት አያይዤ ሸኘሁ። ሁሉም ሄዱ። እኔ ከቦታዬ አልተነቃነቅሁም፤ ወደኔ የሚመጡት እነሱ ነበሩ። እሷም ስታገባኝ እንደዚያው ነው። ከአገሯ አንድ ሻንጣ ይዛ መጥታ ጣቢያችን ወረደች፣ እኔ ቆሜ ጠበቅኋት። ሻንጣዋ ውስጥ ከልብሱ ይልቅ ክሩ ይበዛ ነበር።

እሑድ፣ ሰኔ 22

ስልኩን ልጃችን አነሳችው። ከኋላዋ የስፌት መኪና ይሰማል። "እማዬ፣ አባዬ ነው" ስትል ድምፁ ቆመ።

የጎረቤት መኪና ይሆናል።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 2

አምስተኛው ፉርጎ ወደቀ። እንደገና ወደቀ። ሐዲዱ መጋጠሚያው ላይ የጸጉር ያህል ከፍ ብሏል። ሞረድ። እንደገና ወደቀ።

ፉጨት "ክፍተቱን አሥራ ስምንት ሚሊ አድርገው፤ ማን ያውቅብሃል?" አለኝ።

"እኔ አውቃለሁ።"

"አንተማ ባለቤቱ ነህ። ትርኢቱን የሚያይ ሰው ነው ያልኩህ።"

ውስጡ ቆሜ የማላውቀውን ክፍተት ለሰው አላሳይም። ምሳ አልበላሁም ማለት ነው፤ አሁን ነው ያስታወስኩት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ሄደ! አሥራ ሁለቱም ፉርጎ፣ በአሥራ አራት ሚሊ፣ አርባ ዙር፣ አንድም ሳይወድቅ! ኩርባው ላይ ሲገቡ መግፊያዎቹ ሊነካኩ የወረቀት ያህል ሲቀራቸው ያልፋሉ። ጉንጬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ በሐዲዱ ቁመት ስመለከታቸው እጄ ራሷ ተነሳች፣ ሾፌሩን ልሸኝ።

"ነይ እይው!" ብዬ ጮህኩ። ከልምድ ነው። ኮሪደሩ ላይ የጮህኩት ድምፅ ተመልሶ ራሴ ዘንድ መጣ፤ ማብሪያ ማጥፊያውን አጠፋሁና ተቀመጥኩ።

እሑድ፣ ሐምሌ 13

ልነግራት ደወልኩ። አልነበረችም።

"ልብስ ልታደርስ ወጣ ብላለች" አለች ልጃችን።

"የምን ልብስ?"

"አልነገረችህም እንዴ? የሠፈሩ ሴቶች እኮ አወቋት። መኪና ተውሰን ሳሎን መስኮቱ ሥር ነው የምትሰፋው፣ ብርሃኑ ደስ ይላል። አባዬ፣ ስትሰፋ ታንጎራጉራለች።"

እኔ ቤት ማንጎራጎር የተወችው መቼ ነው? ጭንቅላቴን ብይዝም ሊመጣልኝ አልቻለም። ያንጎራጎረችበትን ቀን እንጂ የተወችበትን ቀን ማን ልብ ይላል።

"አባዬ፣ እየሰማኸኝ ነው?"

"እየሰማሁሽ ነው።"

"አንድ ቀን እንኳ ነይ ብለሃታል?"

"እናትሽ ልጅ አይደለችም፤ ጊዜዋን ታውቃለች።"

"እሱን አይደለም የጠየቅኩህ" አለች። ድሮም ነገር አትለቅም፤ እናቷን ነው የወጣችው። ሰላም በያት ብዬ ዘጋሁ። ስለ አርባው ዙር ሳልነግራቸው ቀረሁ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24

ዝናብ። ኮሪደሩን ባለፍኩ ቁጥር የስፌት መኪናው ፔዳል ቁርጭምጭሚቴን ይመታኛል። ዛሬ ሲመታኝ ተናደድኩና ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ፤ ቁርጭምጭሚቴን ላሽ ብዬ ነው። ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። አምፖሉ ያለው ከተቀመጠው ሰው ጀርባ ነው። ጎንበስ ስል ጥላዬ መርፌው ላይ ወደቀ። ወደ ግራ ብል ጥላው ይከተለኛል፣ ወደ ቀኝ ብል ያው ነው። እጄን እንኳ በደንብ አላየሁትም።

ትልቅ አምፖል ነው የገጠምኩላት ብዬ ስኩራራ ነበር። አምፖሉ በተለቀ ቁጥር ጥላው ይጠቁራል።

እዚህ ላይ ነው ሁለት ሳምንት ያልኳት። ሞኝ ነኝ። ከሞኝም የባሰ ነኝ፤ ሞኝ ሰው ሚሊሜትር አይለካም።

አርብ፣ ነሐሴ 9

ጉድ ፈላ። ነገ ጠዋት የማኅበሩ መኪና ጠረጴዛውን ሊወስድ ይመጣል። ፉጨትን ጠርቼ ልናወጣው አንድ ጫፍ እሱ፣ አንድ ጫፍ እኔ ያዝን። በሩ ጋ ደረስን።

የበሩ ስፋት ሰባ ስምንት ሳንቲም ነው። ጠረጴዛው ሁለት ሜትር ነው። በጎን አቆምነው፣ የበሩ ጉበን ያዘን። አጋደምነው፣ ኮሪደሩ ውስጥ አይዞርም። ለሁለት ወር ተኩል የወረቀት ውፍረት ስለካ የከረምኩ ሰውዬ የገዛ በሬን አልለካሁም።

ፉጨት መሬት ቁጭ ብሎ እስኪያነባ ሳቀ፤ ጥርሱ እንደ ማንቆርቆሪያ ያፏጫል። "ግንቡን እናፍርስ ወይስ ትርኢቱን እዚህ እንጥራ?" ይላል። እኔም ሳቅሁ፣ በኋላ ግን ሳቄ አላማረም መሰለኝ እንባውን ጠርጎ ተነሳ።

"መጋዝ አለህ?" አልኩት።

"እርግጠኛ ነህ?"

ሁለቱን ኩርባዎች ቆረጥናቸው። የተረፈው አንዱ ጠርዝ ነው፤ ሐዲዱን ቀጥ አድርጌ መለስኩበት፤ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ስፋቱ ሃያ ሳንቲም። ፉርጎዎቹ ወዲያ ሄደው ወዲህ ይመለሳሉ፣ በቃ። እንደ እውነተኛው የማያያዣ ጊቢ ማለት ነው።

እሑድ፣ ነሐሴ 11

ትርኢቱ ዋለ። በሌሎቹ ክብ በሚዞሩ፣ ድልድይና ዋሻ ባላቸው ባቡሮች መካከል የኔዋ ጣውላ የተረሳ መደርደሪያ ትመስል ነበር። እኔም ከጎኗ ቆሜ ፉርጎ ወዲያና ወዲህ እገፋለሁ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ በከዘራ መጡ። ጎንበስ ብለው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ትንሿን ጣታቸውን በሁለቱ ፉርጎዎች መካከል አስገቡ። ብዙ ቆዩ።

"አያያዥ ነበርክ?" አሉኝ።

"ሠላሳ አንድ ዓመት።"

"እኔ ሃያ ስድስት። እዚህ ውስጥ ቆሜ አውቃለሁ።" ጣታቸውን አላወጡም። "ልኩ ይህ ነው።"

ዓመቱን ሙሉ የጠበቅኩት ቃል ይህ ነበር። ሰማሁት፣ አመሰገንኩ፣ ወዲያው ደግሞ ዞር ብዬ የምነግራት ሰው ፈለግኩ። የለችም። ያ ሁሉ ሰው ባለበት አዳራሽ ውስጥ ሆድ ባሰኝና መነጽሬን እንደሚጠርግ ሰው ፊቴን አዞርኩ። ለካ እንዲያ ጎንበስ ብላ እንድታይልኝ የፈለግኩት እሷ ነበረች። እሷ ደግሞ ከመጋቢት ጀምሮ "ቀጥ በል" ስትለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

ፉጨት ኩርባዎቹን በማጠፊያ መልሰን እንግጠማቸው፣ ሲያስፈልግ የሚታጠፍ ይሁን ብሎ ሐሳብ አመጣ። ጥሩ ሐሳብ ነው። እምቢ አልኩት። ቀጥ ያለችውን ጣውላ በግድግዳው ላይ ከፍ አድርገን ሰቀልናት። ከዚያ መኪናዋን ከኮሪደሩ አንስተን መስኮቱ ሥር መለስነው። ፔዳሉን ዘይት ቀባሁት። ብርሃኑ ከግራ በኩል እንዲመጣ አድርጌ ወንበሯን አስቀመጥኩና ተቀምጬ አየሁት። ጥላ የለም።

"አሁን ትመጣለች" አልኩ።

"ማን ነግሯት?" አለ ፉጨት።

"ትመጣለቻ።"

"ስማ፣ አንተ ሰውዬ። ሃያ ዓመት መሃል ሐዲድ ቆመህ እጅህን ስታወዛውዝ እኔ ነኝ የምገፋልህ የነበርኩት። የቆመ ፉርጎ በራሱ ተጠግቶ አያውቅም። አሁን የሚገፋልህ ሾፌር የለህም።"

እሱ ካለወትሮው ሳያፏጭ የተናገራት ይቺን ብቻ ነው፤ ወይም እኔ ፉጨቱን አልሰማሁትም።

አርብ፣ ነሐሴ 16

ባቡር ላይ። ወንበሩ በመስኮት በኩል ነው። የተነሳነው ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። ጣቢያው ወደኋላ ሲሸሽ እጅ ያነሳው አያያዥ ወጣት ነው፣ አላወቀኝም። ከታች ሆኜ እንጂ ከላይ ሆኜ አይቼው አላውቅም፤ ቆሞ የሚቀረው ሰው እንዲህ ቶሎ ያንሳል ለካ።

የምላትን እያጠናሁ ነው። ይዤ የመጣሁት ይህን ደብተር ነው። ልኬቶቿ ያስፈልጓታል እላለሁ፤ ሰበብ ሆኖ።

እሑድ፣ ነሐሴ 18

ተመልሼ ባቡር ላይ ነኝ። የሆነውን እንደሆነ ልጻፍ።

አርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ደረስኩ። በሩን የከፈተችልኝ ልጃችን ናት፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ባለቤቴ መስኮቱ ሥር፣ እግሯ ፔዳሉ ላይ፣ አፏ ውስጥ ሁለት ስፒል ይዛ ነበር። ስፒሎቹን አወጣች።

"ምን ሆነህ ነው? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም።"

"ታዲያ?"

ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። "ናፍቀሽኝ ነው" አልኩ። ልጃችን ሕፃኗን ይዛ ወደ ማድቤት ገባች።

"ይህን ለማለት የስምንት ሰዓት መንገድ መጣህ?"

"በስልክ አልወጣ አለኝ።"

የጀመረችውን ስፌት ጨረሰች። እስክትጨርስ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ረጅም ቀሚስ ነበር። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና "ባቡርህስ?" አለች።

"ቆረጥኩት። የቀረው ሃያ ሳንቲም ነው፣ ግድግዳው ላይ። መኪናሽ መስኮቱ ሥር ተመልሷል።"

"ማን መልስ አለህ?"

"ማንም። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ አየሁት። በራስሽ ጥላ ላይ ነበር የምትሰፊው።"

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ሞላ፣ ግን አልፈሰሰም፤ እሷ እንዲያ ናት። "ይህን ለማየት አራት ወር ፈጀብህ" አለች።

"ፈጀብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ብትቆጪኝ ኖሮ..."

"መቆጣት ደክሞኝ ነበር።"

ተነስታ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። "ቀጥ በል።" ቀጥ አልኩ። የምመታው ሚስማር አልነበረኝም። ጣቶቿ እንደ ድሮው ቀዝቃዛ ናቸው።

"ሠላሳ ዘጠኝ! ምን ስትበላ ነው የከረምከው?"

"ሙጫ።"

ሳቀች። ማድቤት ያለችውም ስትስቅ ተሰማኝ፤ ለካ ጆሮዋን ጥላ ነበር። ደብተሩን ተቀበለችኝና የሆነ ነገር ጻፈችበት። ከዚያ አገላብጣ የኔን በኩል አየችው፣ አላነበበችም።

"ይሄ ምንድነው?"

"ስለ ፉርጎ ነው።"

"ይህ ሁሉ?"

"አብዛኛው።"

ዘግታ መለሰችልኝ። ቅዳሜን ሕፃኗን ታቅፌ ዋልኩ፤ ስታዛጋ እውነትም እኔን ትመስላለች። መቼ እንደምትመጣ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም። ደንበኞች አሏት፣ መስኮት አላት፣ ልጃችን አጠገቧ ናት። ቅዳሜ ማታ፣ ራት ላይ፣ "ነይ" ብያታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የሷ ፈንታ ነው።

ዛሬ ጠዋት ጣቢያ ድረስ ሸኘችኝ። ባቡሩ ሊነሳ ሲል ከቦርሳዋ በጨርቅ የተጠቀለለ ከባድ ነገር አውጥታ በመስኮት ሰጠችኝ። ሳልፈታው በክብደቱ አወቅኩት።

"መሳቢያው ውስጥ አድርግልኝ" አለች። "እዚህ የልጄ መቀስ ይበቃኛል። ደግሞ ጥቁሮቹን መንጠቆዎቼን ቁጠራቸው፣ አሥራ ሁለት ናቸው።"

ልመልስላት ስል ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። እሷ እጇን አነሳች። ካወቅኋት ጀምሮ እኔ ስሄድ እሷ ቆማ ስትቀር የመጀመሪያው ነው።

አንድ ጣቢያ እስኪያልፍ መቀሱን ጭኔ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ደብተሩን በሷ በኩል ከፈትኩ። አርባ አንድ ተሰርዞ ሠላሳ ዘጠኝ ተጽፏል። ከጎኑ፣ ባዶ በነበረው ቦታ፣ "ነሐሴ 28" ይላል።

ነሐሴ 28 ረቡዕ ነው። እሷ ሸሚዝ በሰው እጅ ልካ አታውቅም።